ስሙ ሲጠራ ማንም አይመልስ

ወይዘሮ ይመኙሻል ማረፋቸውን የሰማሁት ቡሬ ገበያ ውስጥ፣ ከሱቄ፣ ለአንዲት የሙሽራ እናት ብትን ጨርቅ እየለካሁ ሳለ ነው። ስማቸው የሚባለው የመራዊ ባጃጅ ነጂ ደውሎ «ኑሩ፣ ሙሴያችን አረፉ» አለኝ። መቀሱን አስቀመጥኩ። ስንት ሜትር ላይ እንደደረስኩ ጠፋኝ። ሴትዮዋ ፊቴን አይታ ወንበር ሳበችልኝ። ይህን የምጽፈው ከፍኖተ ሰላም እስከ ሽንዲ እሳቸውን ለሚያውቁ ሁሉ ነው። ለከዳቸውም ሰው ጭምር ነው፤ ፈልጎ እንደሚያነበው አውቃለሁና።

ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ በነበረችው የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ሱቃቸው ነው። ማመልከቻ የሚያስጽፍ ገበሬ፣ ፎርም የሚያስሞላ ተማሪ፣ የመታወቂያ ቅጅ የሚፈልግ መንገደኛ ከዚያች በር አይጠፋም ነበር። በድንበር የተጣላ ሰው መጥቶ ባላጋራውን እየረገመ ማመልከቻ ሲያስጽፍ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቀል ያደርጉና «ስድቡን ለእኔ ንገረኝ፤ ለዳኛው ጉዳዩን እንጽፍለታለን» ይሉት ነበር። ሰውየው ሰድቦ ሰድቦ ሲወጣለት እሳቸው ሁለት ገጽ ንጹሕ ወረቀት ያቀብሉታል። መክፈል ለማይችል «ስትከብር ትመጣለህ» ብለው ያሰናብቱታል።

ሌላውን ሥራቸውን ግን የምናውቀው ጥቂቶች ነን። እትዬ ይመኙሻል በሃምሳ ስምንት ዓመታቸው በስልክ የሚጫወቱት የጨዋታ ማኅበር መሪ ነበሩ። የሚስቅ ይሳቅ፤ እሳቸውም ይስቁ ነበር። ጨዋታው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች መሬት ይሰጠዋል፤ ያርሳል፣ ግንብ ይሠራል፣ ወታደር ያሰለጥናል። ብቻውን የቆመ ሰው ሳምንት ሳይሞላው ይዘረፋል። ስለዚህ ሰዎች ተሰባስበው አንድ ኅብረት ይመሠርታሉ፣ የጋራ ጎተራ ይኖራቸዋል፣ በየተራ ይጠብቃሉ። የእኛ ኅብረት ስሙ ዳሞት ነው። እትዬ የገቡበት በሱቃቸው ኮምፒውተር ላይ ልጆች ሲጫወቱ አይተው ነው። «ይኸ እኮ ማኅበር ነው፤ ሥርዓት የላችሁም እንጂ» አሉና ሥርዓት አበጁልን።

መሪው እንደ ጽዋ ማኅበር ሙሴ ተባለ። ወር በገባ በሃያ አንድ፣ ከቀትር በኋላ፣ በጨዋታው የድምፅ ክፍል እንሰበሰባለን፤ ሙሴዋ ስም ይጠራሉ። የተገኘ «አለሁ» ይላል። ለቀረው ግንቡ የሚጎራበተው ሰው «ይመጣል» ይልለታል። ስለቀረ ብቻ ስሙ የሚሰረዝ ሰው አልነበረም። በደህናው ጊዜ ስልሳ ነበርን። የሽንዲዋ መምህርት ብርቱካን የወለደች ጊዜ፣ ፊቷን አይተናት ሳናውቅ፣ እትዬ ቅቤና ማር ይዘው፣ እኔ የሕፃን መጠቅለያ ይዤ በአውቶቡስ ሄድን። ባሏ በሩ ላይ ቆሞ «ከወዴት ናችሁ? በምን ትዛመዷታላችሁ?» አለን። እሳቸው ሳያቅማሙ «ግንባችን ከግንቧ ይጎራበታል» አሉት። ሰውየው ምንም ሳይገባው አስገባን።

አሁን ወደ ክህደቱ ልምጣ። እሳቸውን ሳስብ እሱም አብሮ ይመጣብኛል፤ ለይቼ መጻፍ አልቻልኩም።

ከሆሳዕና ማግስት እስከ ትንሣኤ ድረስ ክርስቲያኖቹ ጨዋታውን እንዳይነኩ እትዬ ደንግገው ነበር። «በሕማማት ሰላም እንኳ አንባባልም፤ ግንብ እናፈርሳለን ወይ?» ይሉ ነበር። በዚያ ሳምንት ጠባቂው እኔ ነኝ፤ በረመዳን ደግሞ እነሱ ይጠብቁልናል። ጠባቂው ሙሴነቱን ሙሉ በሙሉ ይረከባል። ጨዋታው ከሥልጣኑ ከፊሉን ብቻ መስጠት ይፈቅዳል፤ የመራዊው ስማቸውም ይህን ለእትዬ ነግሯቸው ነበር። እሳቸው «ጽዋ ተከፍሎ ይሰጣል ወይ?» ብለው ሳቁበት። በማኅበር ወግ ጽዋ የተረከበ ሰው ይዞ እንደማይጠፋ ያውቃሉ፤ ስልክ ውስጥ ያለውም ሰው ያው የማኅበር ሰው መሰላቸው።

የዚያን ዓመት ረመዳንና ሕማማት ገጠሙ። እኔ «እትዬ፣ ዘንድሮ እኔም ጾም ላይ ነኝ፣ ከሱቁ ጋር አልችለውም» አልኳቸው። እችል ነበር። ደክሞኝ ነው እንጂ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍቶ ማየት የሚያቅት ሥራ አይደለም። ያኔ ከመካከላችን የደምበጫው ልጅ «ለአንድ ሳምንት ደንቡ ይለፈኝ፣ እኔ አለሁላችሁ» አለና ሙሴነቱን ተረከበ። የደምበጫ ሰዎች ይቅር በሉኝ፤ ስሙን በዚህ ወረቀት ላይ ማሳረፍ ስላልፈለግኩ ነው። እትዬ ሦስት ዓመት አጠገባቸው አስቀምጠው ጽሕፈት ያስተማሩት፣ አዲስ አበባ ሥራ ሲያገኝ ስንቅ ቋጥረው መናኸሪያ ድረስ የሸኙት ልጅ ነው።

ቀዳም ሥዑር ዕለት ወደ አንድ ትልቅ ኅብረት ገባ። ባዶ እጁን አልገባም፤ ጎተራችንን ጠርጎ እጅ መንሻ አደረገው። የሚፈልጋቸውን ሃያ ሰዎች ይዞ ሄደ። ሌሎቻችንን አንድ በአንድ አባረረን። ጨዋታው ለሚባረር ሰው ምክንያት ይጽፍለታል፤ የሁላችንም ምክንያት «ለአምስት ቀን ያልተሳተፈ» የሚል ነው። እነሱ ቤተ ክርስቲያን ሲሰግዱ፣ እኛ መስጊድ ስንሰግድ ያለፉትን አምስት ቀኖች ቆጥሮ ነው ያባረረን!

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ደወሉልኝ። «ኑሩ፣ ዶሮዬን ሳልቀምስ ቤቴን አፈረሰብኝ» አሉኝ። ድምፃቸው የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። እኔ ጥበቃው የእኔ ተራ እንደነበር ልናገር ስጀምር «ተው፣ አንተን ማን ጠየቀህ?» ብለው አቋረጡኝ። ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ አንድም ቀን አላነሱብኝም።

አስተዋይ ሰው ያኔ ይተወው ነበር። እሳቸው በማግስቱ ዳሞትን በዚያው ስም እንደገና መሠረቱ። አሥራ አንድ ሰው ተመለሰ። ኢንተርኔት ጠፍቶ ወራት ባለፉ ጊዜ ሰባት ሆንን፤ በኋላም እሳቸው፣ ብርቱካን፣ የመራዊው ባጃጅ ነጂ ስማቸውና እኔ ብቻ ቀረን። በደረጃ ሰንጠረዡ ከታች ጀምሮ ከሚፈልገን ሰው በቀር የሚያገኘን የለም። አንድ ቀን ሰልችቶኝ «እትዬ፣ ለምን እንደክማለን? መቼም አንረታ» አልኳቸው። ወረቀት እያስተካከሉ ነበር፤ ቀና አላሉም።

«ልረታ ነው ያልሁህ እኔ? እሱ ካርታውን በከፈተ ቁጥር ዳሞት የሚል ስም እንዲያይ ነው የምቀመጠው። እኔ ከሄድሁ ማን ያሳየዋል?»

ያን ቀን እሳቸውን በደንብ አወቅኳቸው። ታማኝነታቸውን ሁሉም ያመሰግናል፤ በቀብራቸውም ላይ ተነግሯል። ቂማቸውን ግን ማንም አልተናገረምና እኔ ልናገረው፤ ሰው ይቀየመኝ እንደሆነ ይቀየመኝ። እትዬ ይመኙሻል ቂም ነበራቸው፣ ቂማቸውም እንደ ጽሑፋቸው ንጹሕ ነበር። በየወሩ በሃያ አንድ ስልሳውንም ስም ይጠሩ ነበር። ለጠፉት ሁሉ እኛ አራታችን እየተቀባበልን «ይመጣል» «ትመጣለች» እንላለን። መጨረሻ ላይ የእሱን ስም ይጠራሉ። «ስሙ ሲጠራ ማንም አይመልስ» ብለው አዘውን ነበር። አንድ አባታችን ሆይ የሚያስደግም ያህል ዝም እንላለን፤ ከዚያ ደህና ሰንብቱ ተባብለን እንለያያለን።

የድምፅ ክፍሉ ለማንም ክፍት ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ስም የለሽ ተጫዋች በየሃያ አንዱ እየመጣ ሳይናገር ያዳምጥ ጀመር። አንድ ጊዜ ድምፁን መዝጋት ረስቶ ሲስል ተሰማ። እትዬ በማግስቱ «ሳሉን አውቀዋለሁ፤ ሦስት ዓመት ከጎኔ ሲስል የኖረ ነው» አሉኝ። «ታዲያ ላባረው?» ስላቸው «ኧረ ይስማ! ለማን ብዬ የምጠራው መስሎህ ነው?» አሉ።

ትልቁ ኅብረት ጎተራችንን ከበላ በኋላ ልጁን ዝቅ አድርጎ የበር ጠባቂ እንዳደረገው ሰማን። ደስ አለኝ። አላፍርበትም፣ በጣም ደስ አለኝ። ለገና ወደ እትዬ ግንብ እህል ቢልክላቸው አንድ ፍሬ ሳያጎድሉ መለሱለት።

አንድ ቀን ግን የልጁ እናት በእርሻ መሬት ጉዳይ ከደምበጫ መጡ። እኔ እዚያው ተቀምጬ ነበር። ልጃቸው ያደረገውን አያውቁም፤ «ልጄን ሰው ያደረግሽው አንች ነሽ» እያሉ የእትዬን ትከሻ ይስማሉ። እትዬ ሦስት ገጽ ማመልከቻ በነጻ ጻፉላቸው፣ ምሳ አበሉ፣ መኪና ላይ አሳፈሩ። ሲመለሱ ፊቴ ጠቁሮ አገኙኝና «እናቱ ምን አደረገችኝ?» አሉኝ። እኔ ይህን ያህል ልብ የለኝም።

ኩላሊታቸው እየደከመ መጥቶ አልጋ ላይ በዋሉ ጊዜ ሙሴነቱን ለእኔ አስረከቡኝ። «ዝርዝሩን እንዳትረሳ። ስም አትሰርዝ» አሉኝ።

«የእሱንስ፣ እትዬ?»

ብርድ ልብሳቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ። ከዚያ «የእሱን አንተ ታውቃለህ» አሉና ወደ ግድግዳው ዞሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አረፉ።

በቀብራቸው ዕለት ከሁሉ አብልጦ የጮኸው እሱ ነው። እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከቡሬ ሰዎች ጋር ቆሜ ሰማሁት። የእድሩ ሰዎች ደግፈው አውጥተው ውሃ ሰጡት። ሲጠጣ እያየሁ ውሃው እንዲያንቀው ተመኘሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ተመኘሁ።

በሰልስቱ ድንኳኑ ጥግ ይዞኝ «ኑሩ፣ ያለፈው አለፈ በቃ። ከዚያ ኅብረት የተገፉ ሰማንያ ሰዎች አሉ፤ ይዣቸው እመጣለሁ። ዳሞት በእትዬ ስም ይቁም። ሙሴነቱን ብቻ ስጠኝ» አለኝ። መልስ ሳልሰጠው ወጣሁ። ብርቱካን ተከተለችኝ። «እስቲ ልብ በል፣ ሦስት ሆነን እስከ መቼ? እሳቸው የደከሙት ማኅበሩ እንዲኖር አይደለም ወይ?» አለችኝ። እውነት አላት። ሰማንያ ሰው ቢመጣ ዳሞት ይድናል። እምቢ ካልኩ ዳሞት በእጄ ላይ እንደሚሞት አውቄ ነው እምቢ ያልኩት። «ሙሴነቱን አንድ ጊዜ ተረክቦት አይተነዋል» አልኳት።

ሃያ አንድ ደረሰ። ስም ጠራሁ። ብርቱካን አለሁ አለች፣ ስማቸው አለሁ አለ። ለሌሎቹ እንደ ወጉ ተቀባበልን። ስም የለሹ ተጫዋች ገብቶ ተቀምጧል። የእሱን ስም ጠራሁ።

«አለሁ» አለ።

ከዚያ ሁሉ ዝምታ በኋላ አፉን ከፈተ። ማንም አልመለሰለትም። «ኑሩ፣ አለሁ እኮ። ስማኝ፣ በድያለሁ» አለና ማልቀስ ጀመረ። ብርቱካን «ኑሩ፣ እባክህ...» ብላ ስትጀምር «ዝም በይ» አልኳት። ከእኔ የምትበልጠውን፣ መምህርቷን፣ ዝም በይ አልኳት። ልቅሶውን አልቅሶ እስኪወጣ ድረስ ጠበቅን። በማግስቱ ብርቱካን ማኅበሩን ለቀቀች። የጻፈችልኝ አንድ መስመር ነው፦ «እሳቸው እናቱን ምሳ አብልተዋል፤ አንተ ግን ከእሳቸው ከፋህ።»

እትዬ ይመኙሻል፣ እንግዲህ የምነግርዎ ይህን ነው። ሁለት ቀርተናል። ብርቱካንን ያጣኋት እኔ ነኝ፤ የሚወቅሰኝ ቢኖር ይውቀሰኝ። ያችን ሳምንት ደከመኝ ባልልዎ ኖሮ እርስዎም ያን ፋሲካ እንደ ሰው ይውሉ ነበር። እርስዎ ይህን ትተውልኛል፤ እኔ ለራሴም አልተውኩትም፣ ለእሱ እንዴት እተውለታለሁ? ስሙን ግን አልሰረዝኩም። ብሰርዘው ይገላገል ነበር። የመራዊው ስማቸው ቢሄድ፣ ብቻዬን ብቀር እንኳ፣ ወር በገባ በሃያ አንድ እጠራዋለሁ፤ አለሁ ቢልም እሰማዋለሁ እንጂ አልመልስለትም። የጻፉላቸው ድሆች ሁሉ ነፍስ ይማር እያሉልዎ ነው፣ ማረፊያዎ የሰላም ይሁን። እሱን መማር ከወደዱ እርስዎ ይማሩት፣ እትዬ። እኔ አልማርኩትም።