የጣሳው ክዳን

ግቢያችን ውስጥ የተከራየችው መምህርት ለአበባ ቀሳሚዎቹ ወፎች ብላ የስኳር ውኃ በጣሳ ክዳን እሬቱ ሥር አስቀመጠች። የክዳኑ ነጸብራቅ ግድግዳው ላይ ሲጫወት ሳይ ቀና ብዬ ሰማዩን ቃኘሁ።

በጦርነቱ ጊዜ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ስኳር ስለጠፋ የማር ማሰሮውን እጣቢ በወተት ጣሳ ክዳን አድርጌ እዚያው እሬት ሥር አኖርኩ። አንዲት አረንጓዴ ወፍ ቀጭን መንቁሯን ስትነክር ትንፋሼን ይዤ አያለሁ። ከቁሓ ከተማ በኩል የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። እናቴ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣችና ነጠላዋን ክዳኑ ላይ ጣለችው።

«አደይ፣ ነጠላሽ ማር ነካው» አልኳት።

አፌን በእጇ ያዘችኝ።

«ዝም በይ፤ የሚያበራ ነገር ከላይ ይታያል።»

ከላይ የሚያየን እግዜር ብቻ ይመስለኝ ነበር። እናቴ ግን እሱን እንደዚህ ፈርታው አታውቅም።

ዛሬ ጠዋት ክዳኑን አንስቼ በሸክላ ጣባ ተካሁት። መምህርቷ ለምን እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ወፎቹ ሸክላ ይወዳሉ አልኳት።

ሸክላ አያበራም።