በበሩ ስር የሚገባው አየር

የልጄ ልጅ ሊያ ባለፈው ማክሰኞ ከትምህርት ቤት እንደተመለሰች ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወርውራ በቀጥታ ወደ በሩ ሄደች። ጎንበስ ብላ ቁራጭ ሶፍት በበሩ ስር ካለው ክፍተት አጠገብ ያዘች። ሶፍቱ ወደ ውስጥ ተርገበገበ።

«እማማ፣ ሉክ! ኤር እየገባ ነው። ሆምወርክ ነው፤ ቤታችሁ ውስጥ ኤር የሚገባበትን ቦታ ሁሉ ፈልጉ ተባልን።»

የያዝኩትን የሻይ ብርጭቆ አስቀመጥኩ። ሐምሌ ነው፤ ናይሮቢም እንደ ልማዷ በርዳለች። ሊያ ከበሩ ወደ መስኮቱ ስትሮጥ ሳያት የድሮ ተማሪዬ ትዝ አለችኝ።

እዚህ አገር የመጣሁት ሃያዎቹን በጀመርኩ ሰሞን ነበር። የመኖሪያ ወረቀቴ እስኪያልቅ ሥራ ስላልነበረኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውዝ ሲ በሚባል ሰፈር፣ ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ባለች ክፍል ውስጥ ለሐበሻ ልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። ፊደል መቁጠር ቶሎ ይሰለቻቸዋል፤ እውነቱን ለመናገር እኔንም ይሰለቸኝ ነበር። ስለዚህ ከፊደሉ በኋላ እንደ ማባበያ ትንሽ ሳይንስ ጣል አደርግላቸዋለሁ። ልጆቹ በደስታ ሲጮኹ ዘበኛው እየመጣ ይቆጣናል፤ እሱ በተቆጣ ቁጥር እኔ ጎበዝ አስተማሪ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ያን ቅዳሜ ከበር ላይ ትኩስ ማንዳዚ፣ የዚህን አገር ቦምቦሊኖ፣ ገዝቼላቸው ጣታቸው ሁሉ ዘይት ሆኗል። ብርጭቆ አንስቼ «ይሄ ባዶ ነው?» አልኳቸው። «ባዶ ነው!» አሉ በአንድ ድምፅ። ከብርጭቆው ታች ወረቀት ጠቅጥቄ፣ ገልብጬ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አጠለቅኩት። ወረቀቱ ደረቁን ሲወጣ ቤቱ በጩኸት ተናጋ።

ከሁሉም ቀድማ «አየር ቦታውን ይዞበት ነው!» ያለችው ሰናይት ነበረች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷ ለተብርሃን አስመራ ተወልዳ አዲስ አበባ ያደገች፣ ሁለት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ታናሹ ልጅ ገና አልዳኸም።

ቀጥዬ የኬክ ካርቶን የታሰረበትን ሪባን በበሩ ስር ያዝኩላቸው። «ሞቃት አየር ከላይ ሾልኮ ይወጣል፣ ቀዝቃዛው ከታች ይገባል። ቤታችሁ የሚበርዳችሁ ለዚህ ነው» አልኩና ቤታቸው ሄደው ቀዳዳውን እንዲፈልጉ የቤት ሥራ ሰጠኋቸው። የቀረው ትምህርት ጧፍ ለኩሶ ብርጭቆ መድፋት ነበር፤ እሳት አየር እንደሚጨርስ፣ በተዘጋ ቤት የነደደ ከሰልም ሰው እንደሚገድል መንገር። ጧፉ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ጊዜም ነበረን። ግን እንዲጓጉልኝ ብዬ ለሚቀጥለው ቅዳሜ አቆየሁት።

እሑድ ለተብርሃን ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። ቀርታ አታውቅም። ወዲያው ሐኪም ቤት ናቸው የሚል ወሬ መጣና እየሮጥን ሄድን።

ለተብርሃን እንደ ሁላችንም ከሰሉን ደጅ አያይዛ፣ ጢሱ አልቆ እስኪቀላ ጠብቃ ነበር ምድጃውን፣ እዚህ ጂኮ የሚሉትን፣ መኝታ ቤት ያስገባችው። ጢሱ ካለቀ አይጎዳም ብለን እናምን ነበር። ስንት ክረምት እንዲያ አሳልፋለች፤ በበሩና በመስኮቱ የሚገባው አየር ነበር ለካ ሲያተርፋት የኖረው። ያን ቅዳሜ ማታ ግን ሰናይት የቤት ሥራዋን ሠርታለች። እናቷ እንቅልፍ ሲወስዳት ተነስታ ቀዳዳውን ሁሉ በጨርቅና በጋዜጣ ወተፈችው። ጠዋት ወተት የሚያመጣላቸው ሰውዬ ቢያንኳኳ መልስ ሲያጣ መስኮቱን ሰበረ።

እናትና ልጅ ነቅተዋል። ሕፃኑ ግን አፍንጫው ላይ ጭንብል ተደርጎለት ገና አልነቃም ነበር። ለተብርሃን እጄን ይዛ «ሂሩትዬ፣ አታልቅሺ እንጂ። አንቺ ምን አደረግሽ?» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰናይት ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ ወንድሟን ታያለች። አጠገቧ ተንበረከክሁ።

«ሰናይትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ግማሹን ብቻ ነው ያስተማርኩሽ።»

ራሷን ነቀነቀች። «ቲቸር፣ አንቺ አይደለሽም የወተፍሽው። እኔ ነኝ። እንዲሞቀው ብዬ ነው።»

ሕፃኑ ማምሻውን ነቅቶ አለቀሰ፤ እንደዚያ ደስ ያለኝ ለቅሶ የለም። ሰናይት ግን ከዚያ ወዲያ ክፍል ውስጥ ቀድማ መልሳ አታውቅም። እየመጣች መስኮቱ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ከመቀመጧ በፊት ትከፍተዋለች። ጥፋቱን ልወስድላት ስንቴ ሞከርኩ፤ አልሰጠችኝም። ዛሬም የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሊያን «የቀረውስ ትምህርት?» አልኳት።

«ቲቸር ነክስት ዊክ ነው ያለችን።»

«የለም፣ ዛሬ ነው።» ሻማ ለኩሼ ብርጭቆ ደፋሁበት። ነበልባሉ እያነሰ ሄዶ ጠፋ። የከሰሉንም ነገር ነገርኳት።

«እማማ፣ እኛ ቤት እኮ ጂኮ የለም» አለችኝ ግራ ገብቷት።

«ባይኖርም ስሚኝ» አልኳት።

ሰናይት አሁን የአየር መንገድ ሠራተኛ ናት፤ በበዓል በበዓል ከእኔ ቁመት እጥፍ ሊሆን ምንም ካልቀረው ወንድሟ ጋር ትመጣለች። ስማን ሳትጨርስ ዓይኗ መስኮቱን ይፈልጋል። ዝናብ ይሁን ብርድ ሄዳ ትከፍተዋለች፤ ከዚያ በኋላ ነው የምትቀመጠው። ልጄ «ኧረ በረደን!» ይላል። እኔ ነጠላዬን ደረብ አደርግና እንዳይዘጋው በዓይኔ እቆጣዋለሁ።