አደይ የለችም

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሱዳን አገር፣ ገዳሪፍ ላይ አበባ አሳድግ ነበር ስል የሚሰማኝ ሰው ሁሉ ዓይኑን ያጠብብኛል። እውነቱን ነው። ከድንበር የሚመጣው ሎሪ የደከመ ሰው እያራገፈ፣ ማሽላ ከገበያ እየጠፋ፣ ውሃ አህያ በሚጎትተው ካሮ እየዞረ በሚሸጥበት ዘመን አበባ ማጠጣት የጤነኛ ሥራ አይመስልም። እኔም ያን ጊዜ ጤነኛ ነበርኩ ብዬ አልምልም።

ዘሩን ከጎንደር የመጣች ዘመዴ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችልኝ። የአደይ አበባ ዘር። የገዳሪፍ መረሬ አፈር ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲርስ ደግሞ ሥር አንቆ ይይዛል። ስለዚህ ከወንዙ አሸዋ፣ ከአከራያችን ከሐጃ በረት የፍየል በጠጥ አምጥቼ ቀየጥኩበትና ታቹን በምስማር በበሳሁት የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ዘራሁት። ብዙዎቹ እንደወጡ ፀሐይ በላቸው። አንዲት ብቻ ቀረች። በእኛ አገር አደይ የመስከረም ናት፤ የእኔዋ ግን ወሩ ጠፍቶባት በታኅሣሥ እንቡጥ ያዘች። ፊቴን የታጠብኩበትን ውሃ ማታ ማታ አጠጣታለሁ፤ ጠዋት እንደተነሳሁ እሷን ሳላይ ማንንም ሰላም አልልም። ከአገሬ የቀረኝ ነገር እሷ ብቻ ትመስለኝ ነበር።

ሲፈጥረኝ ተጠራጣሪ ነኝ። ድንበር ከተማ ውስጥ መኖር ደግሞ ባሰብኝ፤ ማን የማን ጆሮ እንደሆነ በማይታወቅበት ቦታ ሰው ጥላውንም ይጠረጥራል። በአንድ ሆሽ፣ በአንድ አጥር ግቢ ውስጥ ነው የምንኖረው። በአንዱ ክፍል እኔና የሎሪ ሹፌር የሆነው ባሌ፣ በሌላው ደግሞ አማርኛም ትግርኛም የሚያውቁ አንድ የሑመራ ሴትዮ። እሳቸው ከሎሪ ተራጋፊዎች አንዲት ወጣት የትግራይ ሴት አስጠጉ። ልጅቱ አማርኛ አታውቅም፤ እኔም ትግርኛ አላውቅም። ሰላምታችን አንገት መስበር ብቻ ነበር።

እሷ ከመጣች በሳምንቱ ከቀትር በኋላ የአበባዬ አፈር ረጥቦ አገኘሁት። እኔ አላጠጣሁም። ሰው ለራሱ በማይጠግብበት ዓመት የሌላ ሰው ተክል የሚያጠጣ ማነው? በደግ አይሆንም አልኩ። ጨው ያለበት ውሃ እንደሆነ ብዬ ከአፈሩ ቆንጥሬ ቀመስኩ። ጨው የለውም። ይህ ጭራሽ አስፈራኝ። በእኛ አገር ያጠጣ ይካፈላላ! ድርሻ እያበጀች ነው አልኩ።

በማግስቱ በሬን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኋት። የጣሳ ውሃዋን ይዛ ከራኩባው፣ ከሣር ዳሱ ሥር ወጣች፣ ግማሹን ጠጣች፣ ግማሹን ቆርቆሮዬ ላይ በቀስታ አፈሰሰች። እያፈሰሰችም አንድ ነገር ታጉተመትማለች። ከሁሉም አንዱን ቃል ብቻ ለየሁት፤ «አደይ» ትላለች። ደግማ ደጋግማ «አደይ»።

ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ? ስሟን ታውቃለች፣ ታጠጣታለች፣ እንቡጧ ሲፈነዳ ትቀጥፋታለች። ባሌ ደግሞ ጉዞ ሊወጣ ሲል ከሑመራዋ ሴትዮ ጋር ሲንሾካሾክ አየሁትና እሱንም ጠረጠርኩት። ቆርቆሮዬን አንስቼ አልጋዬ ሥር ከተትኩና በሬን ቆለፍኩ። ፀሐይ ስታጣ ቅጠሏ ገረጣ፤ ገርጥታም ቢሆን የኔው ናት ብዬ ጨከንኩ።

በአራተኛው ቀን ባሌ ከጉዞ ገባ። ውጪ ሎሪውን ሲያጥብ ልጅቱ ጣሳዋን እንደያዘች በሬ ላይ መጥታ ቆመች። ዓይኗ በትከሻዬ አልፎ ወደ ውስጥ ያያል። እንዲህ አለችኝ፦

«ኣደይ ኣበይ ኣላ?»

አደይ አበባ አለ ወይ ማለቷ ነው አልኩ። ድፍረቷ ደሜን አፈላው። ቃሉ እንዲገባት ቀስ ብዬ፣ አንድ በአንድ ነገርኳት።

«አደይ የለችም። ሞታለች። ጥለናታል።»

አማርኛ ባታውቅም ሞት በሁለቱም ቋንቋ ሞት ነው። ጣሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። አንዲት ጠብታ እንዳይፈስ ተጠንቅቃ ነው ያስቀመጠችው፤ ይህ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም። ከዚያ ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ ጮኸች።

የሑመራዋ ሴትዮ ሮጠው መጡ። ልጅቱን አዳምጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ባልሽ እናቷን ሞታ አገኛት?»

«የማንን እናት ነው የሚሉት፣ እትዬ?»

«ኣደይ ማለት እናቴ ማለት ነው፣ አንቺ ሴት። እናቴ የት አለች ነው ያለችሽ።»

የቀረውን እዚያው በሬ ላይ ነገሩኝ። እናቷ ስለታመመች ድንበር ላይ በፊተኛው ሎሪ ጫኗት፤ እሷን ለቀጣዩ አስቀሯት። ያ ሎሪ የት እንዳራገፈ የሚነግራት አጥታለች። ከዚያ በፊት ወደ ድንበሩ ሲመጡ መንገድ ላይ እናትየው ውሃ ስትለምን የመጨረሻዋን ጉንጭ የጠጣችው ልጅቱ ነበረች። ስለዚህ ከዚያ ወዲህ ያገኘችውን ውሃ ግማሹን ለእናቷ ትላለች፤ እናቷ ስለሌለች ሕይወት ያለው ነገር ላይ ታፈሰዋለች። ባሌንም ራሳቸው ሴትዮዋ በሚያልፍባቸው መጠለያዎች እንዲያፈላልግላት አደራ ብለውታል። ለኔ ያልነገረኝ በጥርጣሬ እንዳላስጨንቀው ብሎ ነው።

ባሌ ተጠራ። ሁለት መጠለያ ጠይቆ ሞተችም አለችም የሚል እንዳላገኘ ተናገረ። እኔም ቆርቆሮዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አወጣሁና፣ አደይ ያልኩት ይህችን ነው አልኩ፤ ሴትዮዋ አስተረጎሙልኝ። ልጅቱ የገረጣውን እንቡጥ አየች፣ እኔን አየች። ምን እንዳሰበች ያኔውኑ ገባኝ። የእኛ ሰው መርዶን ይደብቃል፤ አንዱ አምልጦት ከተናገረ ሌላው ተሽቀዳድሞ ደህና ናት ይላል። እሷም ይህን እያየች ነው ያደገችው። እኛ ደህና ትሆናለች ባልን ቁጥር ሞቷን አረጋገጥንላት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሦስት ቀን አለቀሰች። ሐጃም ጎረቤቱም መጥቶ ተቀመጠ። እኔም በገዛ አፌ ለገደልኳት ሴት ለቅሶ ተቀመጥኩ፤ አፍሬ ቀና ማለት አቃተኝ። በሦስተኛው ቀን አደይዋ ፈነዳች፤ ቢጫዋ ልክ እንደ አገር ቤቷ ነበር። ቆርጬ ወሰድኩላት። አገላብጣ አየቻትና ሳትቀበለኝ ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንንም ስለ እናቷ አልጠየቀችም። ውሃዋንም ሙሉውን መጠጣት ጀመረች። ከዚህ የከፋ ነገር አላየሁም።

ስለዚህ ፍለጋውን እኔ ያዝኩት። የእናትየው የግራ ጆሮ ጫፍ የተቀደደ ነው ብለው ሴትዮዋ ምልክቷን ነገሩኝ። ሎሪ በመጣ ቁጥር ማራገፊያው ድረስ እሄዳለሁ፤ ባሌ ወደ መጠለያ ሲሄድም ጋቢና ውስጥ እገባለሁ። በትግርኛ የማውቀው ያንኑ ያልገባኝን ጥያቄ ብቻ ነበር፤ እናቷ ብሎ መጠየቅ እንኳ አላውቅም። ከድንኳን ድንኳን እየዞርኩ «ኣደይ ኣበይ ኣላ?» እላለሁ።

ብዙ አሮጊቶች ልጃቸው የመጣች መስሏቸው ቀና ይሉ ነበር። እኔ ጆሯቸውን አያለሁ።