የውድነሽ ድንጋይ

በአሶሳ ሰፈራ ጣቢያ ወረፋ የሚያዘው በድንጋይ ነበር። ውሃ ቧንቧው ጋም ሆነ እህል ማደያው ጋ ሰው ድንጋዩን አስቀምጦ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። የሌላውን ድንጋይ የነካ ነውረኛ ነው፤ አለቀ።

ውድነሽ ከወሎ ስትመጣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰች ስለነበረች አንድ የእርዳታ ድርጅት መዝገብ ቤት ቀጠራት። ድርጅቱ ያለው አንድ ኮምፒዩተር ሲሆን ጤናውም፣ እርሻውም፣ መዝገብ ቤቱም በየተራ ይሠሩበታል። በ1979 ግንቦት ተራው የእሷ ሆነ። ሥራው የአሶሳንና የመተከልን ሰፋሪዎች ስም ከዘመድ ፈላጊዎች ዝርዝር ጋር ማመሳከር ነው፤ ያ ጎታታ ማሽን ለዚህ አራት ቀን ሙሉ ሳይቋረጥ መሥራት አለበት። ዝርዝሩ ካልደረሰ ቅዳሜ ወደ መተከል የሚሄደው መኪና ማንንም አይጭንም፤ ከዚያ ወዲያ ክረምት ነው፣ መንገዱ ይዘጋል። የውድነሽ ታናሽ እህት ማሚቱ ደግሞ ከወሎ ለሰፈራ ሲጭኗቸው ከእጇ የተነጠቀች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች።

ማክሰኞ ጧት ሥራውን አስጀመረችና ድንጋይዋን የማሽኑ ማጥፊያ ፊት ለፊት አኖረች። አደራ ያለችው የእርሻ ክፍሉን ታረቀኝን ነው። የአገሯ ልጅ ነው፤ የመጡትም በአንድ መኪና ነው። «በሌላ መኪና የተጫነችው ሚስቴ ዘነቡ መንገድ ላይ ሞተችብኝ» ሲል አብራው ለቅሶ ተቀምጣለች፤ አምና ሌላ ሲያገባም ጠላውን የጠመቀችለት እሷው ናት። ታዲያ እሱን ካላመነች ማንን ትመን?

ዐርብ ጧት ስትገባ ድንጋይዋ እንዳለ ነው፤ ማሽኑ ግን ሥራውን አቁሟል።

«ትናንት መብራት ሄዶ ነው፣ እህት ዓለም። ምን ይደረግ!» አላት ታረቀኝ።

መኪናው ባዶውን ሄደ።

ሰኞ እንደገና አስጀመረች። አሁን ግን ከማሽኑ አጠገብ ንቅንቅ አላለችም። ጄኔሬተር የሚያስነሳው የባምባሲው ነገራ ሲመጣ ስለዚያ መብራት አማረረችበት።

«ሐሙስ?» አለ ነገራ፣ ቅር ብሎት። «ሐሙስ ሞተር አንዴም አልጠፋም። እኔ እዚያው ነበርኩ።»

ማመን አቃታት። በሦስተኛው ቀን፣ የተገኙት ስሞች አንድ በአንድ ስክሪኑ ላይ ሲወጡ፣ ይኸኛው መጣ፦ ፈላጊ ዘነቡ፣ መተከል፤ ተፈላጊ ባሏ ታረቀኝ፣ አሶሳ።

ደሟ ፈላ። ለሕያው ሴት ነው እንዴ ያን ሁሉ ያለቀሰችው? የራሱን ጉድ ለመሸፈን ብሎ የእሷን እህት አስቀረባት። ድንጋዩን አንስቶ ቢጥለው እንኳ ይሻላት ነበር፤ መልሶ በቦታው ማስቀመጡ ነው አንጀቷን የቆረጠው።

በማግሥቱ የማሚቱም ስም ወጣ፤ መተከል፣ በሕይወት አለች። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል፤ መንገዱ እስከ ጥቅምት ተዘግቷል።

ውድነሽ ዝርዝሩን አትማ ወደ እርሻ ክፍል ሄደች። ወረቀቱን ታረቀኝ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ድንጋይዋን ከላዩ አኖረችበት።

«እንዳትነካው» አለችው። «ተራው የዘነቡ ነው።»