ሰባት ሸማኔና አንድ የሲሚንቶ ወለል

አብዱልጀሊል የባና ሸማኔ ነው። ከአቀስታ ወጣ ብሎ ባለ ብርዳም መንደር ከስድስት ጎረቤቶቹ ጋር ባና የሚባለውን የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ ሲሸምን ሃያ ዓመት ሞላው። በጉ እዚያው፣ ፈታዮቹ ሴቶች እዚያው ናቸው፤ ፈትል ያነሰው ከጎረቤቱ ይበደራል። ጥናት ስላልተጠናበት ግን ይህ ሁሉ እንደሌለ ይቆጠር ነበር።

አንድ ቀን ትንሳኤ የሚባል የመንግሥት ባለሙያ ላፕቶፕ ይዞ መጣ። በጣሊያን ጫማ ሠሪው፣ በቻይና አዝራር ሠሪው አንድ ከተማ ተሰብስቦ እንዴት እንደከበረ በሥዕል አሳያቸው። «እናንተም አንድ ቦታ ተሰባስባችሁ ክላስተር ትሆናላችሁ» አላቸው። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ የሚሉት ሽማግሌዎች እንኳ አዝራሩን አይተው እሺ አሉ። ከዚያ ሰባቱ ሸማኔዎች፣ ለመሰባሰብ ሲባል፣ ከፈታዮቻቸው ተለይተው መካነ ሰላም ከተማ መንግሥት የሠራው ሼድ ገቡ።

አብዱልጀሊል እሺ ያለው ለጣሊያን ብሎ አይደለም። ልጁ ጁማና ዐረብ አገር ልትሄድ ፓስፖርት አውጥታለች። «ባናው ገበያ ካገኘ እቀራለሁ፤ እዚሁ እየፈተልኩ እኖራለሁ» ብላዋለች።

ሼዱ ማለፊያ ነው፤ ወለሉ ልስን ሲሚንቶ። ሸማኔ ደግሞ እግሩን ጉድጓድ ከትቶ መርገጫውን ካልረገጠ አይሸምንም። ይህን የማያውቅ የወሎ ሰው የለም፤ የክላስተሩን ጥናት ካጠኑት አምስት ሰዎች በቀር።

«እንቆፍረው» አለ አብዱልጀሊል።

«ጋሼ፣ የመንግሥት ንብረት ነው፤ ያስጠይቃል» አለ ትንሳኤ።

«ታዲያ እግሬን ወዴት ልክተተው?»

«ጥያቄዎን በደብዳቤ ያቅርቡ።»

ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተት ክረምቱ ገባ። ከአቀስታ በሚኒባስ የተላከው ፈትልም ረጥቦ ሻገተና ሌላ እንዳይላክ ተባለ። ሸማኔዎቹ ግድግዳ ተደግፈው ይውላሉ። በመሰባሰብ በኩል ግን አልታሙም፤ ሪፖርቱም «ሰባት አንቀሳቃሾች ተደራጅተዋል» ብሎ ወጣ።

በአራተኛው ወር ፈቃዱ ማኅተሙን ይዞ ደረሰ። አብዱልጀሊል ዶማ ተውሶ ሼዱ ሲገባ ስልኩ ጠራ። ሚስቱ ኑርጃን ነበረች።

«ጁማና ዛሬ ጠዋት ሄደች» አለችው። «እስከ ዛሬ ጠብቃ ነበር። ለማን ልፍተል አለች።»

ዶማውን ከትከሻው አወረደ።

«አይዞህ፣ ብቻዋን አይደለችም» አለች ኑርጃን። «የመንደሩ ፈታዮች አምስቱም አብረዋት ናቸው። እዚያም አንድ ከተማ ነው አሉ የሚገቡት።»

አብዱልጀሊል ሲሚንቶው ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።