ጥፋቱ የድንቢጧ ነው

የዳቦ ቤቱን የዱቄት መጋዘን የሚጠብቁትን ሰው ሁሉም ጋሽ ቁልፉ ይላቸዋል። በሩን ቆልፈው ይሄዳሉ፤ መንገድ ካጋመሱ በኋላ ይመለሱና ጓጉንቸሩን ጎተት አድርገው ያዩታል። ካላዩት እራት አይወርድላቸውም።

እንግዲህ የእኚህ ሰው መጋዘን ውስጥ ጆንያ ተቀደደ። የቀደደችው ድንቢጥ ከሆነች የገባችው በጣሪያው ቀዳዳ ነው፤ ተጠያቂው አናጢው። አይጥ ከሆነች ግን በበሩ ሥር ነው፤ ተጠያቂው ጠባቂው። አናጢው ደግሞ የጋሽ ቁልፉ ሚስት ታናሽ ወንድም ነው። ሁለቱ ዓይንና ናጫ ናቸው።

«ድንቢጥ ናት» አሉ ጋሽ ቁልፉ፣ ዳቦ ቤቱን ከአባቷ ለወረሰችው አሠሪያቸው። «ድንቢጥ ስድ ናት፤ ትበትናለች፣ እሽ ሲሏት ፍር ትላለች። አይጥ እኮ ቁጥብ ናት፤ ጥጓን ይዛ እንደ ጨዋ ነው የምትበላ።» ጆንያው ሥር ያገኟትን የአይጥ ኩስ ግን በጫማቸው ገፋ አድርገው ደብቀዋታል።

«እንግዲያው አናጢውን አሰናብተዋለሁ» አለች።

ወሬው ከእሳቸው ቀድሞ ቤት ገብቷል። ሚስታቸው አልጮኸችም፣ አልተሳደበችም። እራታቸውን አቅርባ ፊቷን አዞረች። ጋሽ ቁልፉ ፈሩ። የዚህች ሴት ጩኸት ያልፋል፤ ዝምታዋ ግን ከባድ ነው።

ጠዋት ሲደርሱ አናጢው መሣሪያውን እየሰበሰበ ነው። አሠሪያቸው አጠገቡ ቆማለች፤ ወደ እሷ ቀረቡ።

«ልጄ፣ ትናንት ዋሽቼሻለሁ። አይጥ ናት። ድንቢጥ በምን ጥርሷ ጆንያ ትቀድዳለች? በበሩ ሥር ነው የገባችው።»

«በሩን ማን ሠራው?» አለች።

በሩንም የሠራው አናጢው ነው። ላውጣው ብለው ጭራሽ ከተቱት!

«ይተዉት ጋሼ፣ በቃ» አለ አናጢው፣ ቀና ሳይል።

ጋሽ ቁልፉ በሩን መታ መታ አደረጉት። «በሩማ ደህና ነው» አሉ። «እኔ ነኝ… አንዳንድ ቀን ክፍቱን ጥዬው እሄዳለሁ።»

ይህን ከሚናገሩ ቢሞቱ ይሻላቸው ነበር። አሠሪያቸው ጆንያ ላይ ዘፍ ብላ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ጋጋሪዎቹም አብረው ተንከተከቱ። አናጢው ብቻ አልሳቀም።

«እውነታቸውን ነው፤ እኔም አይቻለሁ» አለ።

«እናንተ ደግሞ በውሸት ነው የምትስማሙት?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «በሉ፣ ቁልፉን ይስጡትና ጣሪያውንም በሩንም ዛሬውኑ ይድፈን።»

ጋሽ ቁልፉ ቁልፉን ከወገባቸው ፈተው ሰጡት። ጫፉን ግን ቶሎ አልለቀቁትም። አናጢው አየ። በሩን የሠራው፣ ጓጉንቸሩንም በገዛ እጁ የገጠመው ሰው ቁልፉን መልሶ ዘረጋላቸውና፣

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር እንዴት ነው የሚቆለፈው? እስቲ ያሳዩኝ» አላቸው።