አበረ መኪና እስኪመርጥ

እኔ መካኒክ ነኝ፤ ሥራዬ የተበላሸ መኪና ማየት ነው። ጎረቤቴ አበረ ግን ደህና ደህናውን መኪና ሁሉ እያሳየ ሁለት ወር ከምናምን መሬት ላይ በጀርባዬ አስተኛኝ።

አበረ የምርጥ ዘር ተቆጣጣሪ ነው። አንድ እፍኝ ስንዴ ነጭ ወረቀት ላይ ይበትንና በመሃሉ አንዲት እንክርዳድ እስኪያገኝ አንገቱን አያቀናም። ለገበሬው ጥሩ ነው። ለእኔ ግን መከራ ሆነብኝ።

ሚስቱ የኔአለም ነፍሰ ጡር ሳለች የሰፈሩ ሴቶች ሆዷን እያዩ «ወንድ ነው» ብለው ፈርደው ነበር። ወንድ በአርባ ቀኑ ክርስትና ይነሳል። የኔአለም ደግሞ ክርስትናው ዳገቱ ላይ ባለችው ሮብ ገበያ ከተማ፣ አባቷ ባሉበት ደብር እንዲሆን ቆርጣለች። ሽማግሌው እግራቸው ከድቷቸው እኛ ወዳለንበት ደብረ ማርቆስ መምጣት አይችሉም፤ የልጅ ልጅ ሲያዩም የመጀመሪያቸው ነው። «ልጄን በተጨናነቀ ሚኒባስ ይዤ ያን ዳገት አልወጣም» ስትል አበረ ለክርስትናው ትንሽ መኪና ሊያደርስ ቃል ገባ። ብሩ ተዘጋጅቷል፤ የቀረው መምረጡ ብቻ ነው። መኪና ከሌለ ክርስትናው እዚሁ ይሆናል፤ ሽማግሌውም አያዩትም።

ሴት ተወለደች፤ ሂዊ አሏት። ሴት በሰማንያ ቀኗ ነውና አበረ ከሁሉም ሰው በላይ ፈነደቀ። «ጋሼ ዓባይ፣ አርባ ቀን ተጨመረልን!» ብሎ አቀፈኝ። በልጅቱ ደስ ብሎት መስሎኝ እኔም አቀፍኩት።

አንደኛውን መኪና «ሲጋራ ሲጋራ ይሸታል» ብሎ ተወው። ሁለተኛውን የነዳው ወንደላጤ ነበር፤ «ወንደላጤ ጉድጓድ አይቶ አይራራም» አለ። ሦስተኛው የጡረተኛ ነው፤ «ሞተሩ ቀስ ማለት ለምዷል፣ ዳገት ላይ ይተኛብናል።» ለአራተኛው ሉማሜ ድረስ ሄድን። ቪትዟ ታጥባ፣ ተወልውላ ቆማለች። አበረ ዞሮ ዞሮ አያትና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ምን ሊደብቁ ነው እንዲህ ያጠቧት?» አለኝ። አምስተኛው ጭቃ በጭቃ ነበር። «መኪናውን ያላጠበ ሰው ዘይት ይቀይራል ብለው ነው?» የስድስተኛው ባለቤት ትዕግሥቱ አልቆ «ስማ ወንድሜ፣ መኪና ልትገዛ ነው ወይስ ለልጅህ ሚስት ልትጠይቅ?» አለው። እኔም ከመኪናው ስር ሆኜ «እውነቱን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ሰባተኛውንና ስምንተኛውን ባልናገር ይሻላል።

በሰባ አራተኛው ቀን ዘጠነኛውን አየን። የመኪናው ባለቤት ፈውዚያ ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አላት፤ አራተኛ ልጅ አርግዛ በሰፋ ያለ መኪና ልትቀይረው ነው። ስሩ ገብቼ አየሁ፣ ዳገት አስወጣሁት፣ ቁልቁል ፍሬኑን ሞከርኩ። እንከን አጣሁበት። «በቃ፣ ጨርስ» አልኩት።

አበረ ከኪሱ ነጭ ወረቀት አወጣ። የኋላ ወንበሩን ስርቻ በጣቱ እየቧጠጠ ያገኘውን ወረቀቱ ላይ ዘረገፈ፦ የብስኩት ፍርፋሪ፣ ቆሎ፣ የእርሳስ ቁራጭ፣ የአሻንጉሊት እግር። «ጋሼ ዓባይ፣ ወንበሩም እድፍ በእድፍ ነው። አይሆንም።»

ያን ጊዜ ደሜ ፈላ። መፍቻዬን ወርውሬ «ሌላ መካኒክ ፈልግ!» አልኩትና በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄጄ ለየኔአለም ሁሉንም ነገርኳት። ልጇን ታቅፋ ተከተለችኝ። አበረን እዚያው ፈውዚያ ሱቅ በር ላይ፣ መኪናው አጠገብ ወረቀቱን እንደያዘ አገኘነው።

ሞተሩን አላየችም። ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና አንዱን እድፍ በጣቷ ነካች።

«እታለም፣ ይኸ ምንድን ነው?»

«የትልቁ ልጄ ነው። መኪና ያስመልሰው ነበር» አለች ፈውዚያ እያፈረች።

«ይኸስ?»

«የሁለተኛዋ። ወተት ነው።»

«ይኸኛውስ?»

«የትንሹ። እሱን እንኳ ባትጠይቂኝ!»

«አሁንስ ልጆቹ እንዴት ናቸው?»

«አልሐምዱሊላህ! ሁለቱ ትምህርት ቤት ናቸው። ትንሹ ያውልሽ፣ ጨርቄን ሁሉ ሲያምስ።»

የኔአለም ወደ ባሏ ዞረች። «ሦስት ልጅ አመላልሶ ሦስቱንም ደህና አድርሷል። ከዚህ በላይ ምን ትፈልግበታለህ?»

አበረ ወረቀቱን ከነፍርፋሪው አጣጠፈ። «ዘጠኙም ደህና ነበሩ» አለ በመጨረሻ። «መኪናው አይደለም። የምነዳው እኔ ነኝ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ወዲህ መሪ ነክቼ አላውቅም። ብቻዬን ብሆን ግድ የለኝም፤ ሂዊን ይዤ ግን... ፈራሁ።»

ዘጠኝ መኪና ስር ያስተኛኝን ሰው በጥፊ ማለት ነበረብኝ። ግን አንጀቴን በላው።

መኪናው ተገዛ። አራት ቀን ሙሉ ከጎኑ ተቀምጬ አለማመድኩት። በሰባ ዘጠነኛው ቀን፣ ክርስትናው በማግስቱ ማለዳ ሊሆን፣ እሱ መሪውን ይዞ፣ እኔ ከጎኑ፣ እናትና ልጅ ከኋላ ሆነን ተነሳን። ግማሽ መንገድ ላይ አንዲት ከገበያ የምትመለስ ሴት አህዮቿን እየነዳች ደረሰችብን። በመስኮቱ እንዴት ዋላችሁ አለችን፣ የሕፃኗን ስም ጠየቀች፣ «እደጊልኝ» ብላ መረቀቻት፣ ከዚያ «እንግዲህ ይምሽብኝ እንዴ?» ብላ ቀድማን ሄደች። አበረ አንዴም ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

ሽማግሌው በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ከረፋድ ጀምሮ ሲጠብቁን ውለዋል። ሂዊን አቅፈው ፊቷን አይተው አይተው አለቀሱ። እኔም አላስቻለኝም፤ ጎማ እንደሚያይ ሰው ዞር አልኩ።

አበረ ቁልፉን ይዞ ተከተለኝ። «ጋሼ ዓባይ፣ መመለሻውን እርስዎ ቢነዱልንስ?»

አፌን ሳልከፍት የኔአለም ቀደመችኝ። «ያመጣኸን አንተ ነህ። የምትመልሰንም አንተ ነህ።»

አበረ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሰማዩን አየሁ። አበረም ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ።